የኮሶው ኑዛዜ

በልብ ወለድ ውስጥ ፍቅሩን የሚናገር ሰው ጤነኛ ሆኖ አይቼ አላውቅም። ወይ ጥይት ደረቱን መትቶታል፣ ወይ ሳንባው አልቋል፣ ወይ ገደል አፋፍ ላይ በአንዲት ሥር ተንጠልጥሏል። መጽሐፉን ሙሉ አብሯት ሻይ ሲጠጣ፣ አብሯት ዝናብ ሲጠለል፣ ቃል ሳይተነፍስ ይቆይና ልክ ነፍሱ ልትወጣ ስትል «እኔ እኮ... ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ...» ይላል። ከዚያ ሦስት ገጽ ይናገራል። ደረቱ ውስጥ ጥይት ያለበት ሰው ለሦስት ገጽ የሚበቃ ትንፋሽ ከየት እንደሚያመጣ የሚያስረዳኝ ሐኪም እስከ ዛሬ አላገኘሁም።

ጥያቄው ያደረብኝ በደርግ ጊዜ፣ ናይሮቢ፣ ኢስትሊ ውስጥ ነው። ከአገር ሲወጣ መጽሐፍ የያዘ ብዙ ሰው አልነበረም። የወጡት ጥቂት ልብ ወለዶች ከእጅ ወደ እጅ ሲዞሩ ሽፋናቸው ወልቋል፣ የመጨረሻ ገጾቻቸው ተገንጥለዋል። ስለዚህ ጀግናው ተናዞ ሲያበቃ ይሙት ይዳን የምናውቅበት መንገድ አልነበረንም። አብዛኞቻችን ሞቷል ብለን ተስማምተን ነበር። እኔ ግን ሌላ ነገር ይከነክነኝ ጀመር። ያ ሰውዬ ቢድንስ? ያን ሁሉ ተናግሮ ሲያበቃ ጠዋት ድኖ ቢነሳስ? በምን ዓይኑ ያያታል?

የምንሰበሰበው ወይዘሮ ስንዱ ምግብ ቤት ነበር። ወይዘሮ ስንዱ አጥባቂ ጴንጤ ናቸው፤ ወጥ ሲያወጡ መዝሙር ያዜማሉ፣ ሒሳብ ሲቀበሉ «ጌታ ይባርክህ» ይላሉ፤ ያልተባረከ ደግሞ ነገ አይገባም። አንድ ቀን ከምሳ በኋላ ጥያቄዬን ጠረጴዛው ላይ ጣልኩት። ሰው በእውነት ሊሞት ሲል ፍቅሩን ይናገራል ወይ? ብዬ ጠየቅሁ።

መጀመሪያ የመለሰው ሻምበል ተክሌ ነው። ሻምበል ሠራዊቱን ጥሎ በእግሩ የወጣ፣ ነገር የማያበዛ ሰው ነው። «ስንቱ ሲሞት አጠገቡ ነበርኩ» አለ። «ስለ ፍቅር የተናገረ አንድም አላጋጠመኝም። ብዙው ውሃ ነው የሚለው። አንዱ ብቻ፣ ጫማውን ስፈታለት፣ ጫማዬን ለታናሽ ወንድሜ አድርስልኝ አለኝ። አዲስ ጫማ ነበር።»

«አደረስክለት?» አልኩት።

«ጫማውን ራሴ አድርጌው ነው ሞያሌ የገባሁት» አለና ሻዩን ማማሰል ጀመረ። ስኳር አልጨመረበትም ነበር።

ሐጂ ኑሩ ቀጠሉ። ሐጂ የወሎ ሰው ናቸው፤ ከሞያሌ ዕቃ እያመላለሱ ይነግዳሉ፣ እኔም በጨርቅ ሱቃቸው ነው የምሠራው። «ሰው ሲሞት ሸሃዳ ይላል እንጂ የምን ፍቅር ነው?» አሉ። ወይዘሮ ስንዱ ከማድ ቤት ሆነው «ጌታን መጥራት ነው» ሲሉ ተሰማ። እኔም ራሴን መረመርኩ። ድንበሩን ስሻገር ወታደሮች በቅርብ ርቀት ሲያልፉ ቁጥቋጦ ውስጥ ተኝቼ በቃ አለቀልኝ ብዬ ነበር። ያኔ ያሰብኩት ምን መሰላችሁ? የቤቴን ቁልፍ ለጎረቤት ሳልሰጥ መምጣቴን። ሞት ደጄ ቆሞ እኔ ስለ በር ነበር የምጨነቀው።

ክርክሩ በዚሁ ሊያልቅ ሲል የወይዘሮ ስንዱ የእህት ልጅ ትርሲት ሳህን ልታነሳ መጣች። ትርሲት ከምግብ ቤቱ ማዶ ባለው የልብስ ሰፊዎች መደዳ ሲንጀር አላት፤ ለምሳ ስትመጣ አክስቷን ታግዛለች። «ጋሼ» አለችኝ፣ ሳህኖቹን እየደራረበች፤ «ደህና እያሉ የማይናገሩት ለምንድን ነው ግን?»

መልስ ሳትጠብቅ ሄደች። እኔ ግን ያን ዕለት ለሦስት ደንበኛ ጨርቅ ለክቼ ሦስቱንም አሳሳትኩ።

እዚህ ላይ አንባቢ የጠረጠረውን ጠርጥሯል፤ ልክ ነው። ትርሲትን እወዳት ነበር። እሷ ግን «ጋሼ» ነው የምትለኝ። አገር ቤት አስተማሪ ነበርኩ፤ ይህ አንዱ ጥፋት ነው። ሁለተኛው ሽበቴ ነው። ሠላሳ አምስት ዓመት ሳይሞላኝ ከግንባሬ በላይ ያለው ፀጉሬ ነጥቷል። ኢስትሊ ውስጥ የኔ ቢጤ ሸበቶ በጣት የሚቆጠር ስለነበር እንደ ደብር አለቃ ነው የምከበረው፤ አከራዬ ማማ ንጄሪ ሳትቀር በስዋሂሊ «ሙዋሊሙ»፣ መምህር፣ ስትለኝ ድምጿን ዝቅ ታደርጋለች። የተከበረ ሰው ደግሞ «እወድሻለሁ» ለማለት አይመቸውም። የተመቸኝ ሌላ ዘዴ ነበር። የሸሚዜን አዝራር ራሴ በጥሼ እወስድላታለሁ። እሷም ክሩን በጥርሷ እየበጠሰች «ጋሼ፣ ይቺ አዝራር ደግሞ ምን ሆነች?» ትለኛለች። እኔም «የዘንድሮ ክር» እላለሁ። ፍቅራችን እዚህ ድረስ ነበር፤ ማለትም ፍቅሬ።

ዝም አይነቅዝም ይላሉ። አይነቅዝም፤ ግን ሌላ ሰው መጥቶ ይወስደዋል።

የመጣው ግርማ ይባላል። ካሳራኒ በኩል ጋራዥ ያለው፣ ትከሻው ሰፊ፣ ሲስቅ ቤት የሚያሞቅ ሰው። እንዳልጠላው የሚያደርገኝ ብዙ ነገር ስለነበረው በጣም አበሳጭቶኛል። አንድ ሐሙስ ሻምበልንና ሐጂን ይዞ ሱቅ ድረስ መጣ። ሦስቱም ፊታቸውን ኮስተር አድርገዋል፤ የሞት መርዶ የመጣብኝ መስሎኝ ተቀመጥኩ።

«እሑድ ከሰዓት ወይዘሮ ስንዱ ቤት እንሄዳለን» አለ ሻምበል። «ለግርማ ትርሲትን ልንጠይቅ ነው። ሽማግሌ ጎድሎናል፤ ሦስተኛው አንተ ነህ።»

ይህን ነገር አገር ቤት ያለ ሰው ላይረዳው ይችላል። አገር ቤት ሽማግሌ ሞልቷል። እኛ ግን ስንወጣ ሽማግሌዎቻችንን ትተናቸው ነው የወጣነው፤ ኢስትሊ የደረስነው ሮጠን ድንበር መሻገር የሚችል ጉልበት የነበረን ብቻ ነን። ሠርግ ሲመጣ፣ ባልና ሚስት ሲጣሉ፣ ሽማግሌ እንደ ጤፍ ይጠፋል። እኔ በሽበቴ ምክንያት ብዙ ሸምግያለሁ። ሁለቴ ያስታረቅኳቸው ባልና ሚስት በዕድሜ ይበልጡኛል።

ለሽምግልና ተጠርቶ እምቢ ማለት ደግሞ በኛ ዘንድ የለም። ሰበብ ካልኩ «ለምን?» ይላሉ፤ «ለምን?» ካሉ መናገር ሊኖርብኝ ነው፤ መናገር ብችል ኖሮ ያን ሁሉ አዝራር አልበጥስም ነበር። ጉሮሮዬን ጠረግሁ። አፌም ያለ እኔ ፈቃድ «ደስ ይለኛል» አለ። ግርማ እጄን ጨብጦ ሲያመሰግነኝ ጣቶቼ ተንቋቁ።

አስቡት እንግዲህ። እሑድ ነጭ ለብሼ፣ ትርሲት ባለችበት ቤት ቆሜ፣ «ልጃችሁን ለልጃችን» ልል ነው። ሽማግሌ ደግሞ የሚጠይቀውን ሰው ማሞገስ አለበት። ስለ ግርማ ጠባይ ከኔ አፍ ስትሰማ እሺ ባትል ነው የሚገርመው፤ ጋሼ መስክሯላ። አርብን ሙሉ ስገላበጥ ዋልኩና ቅዳሜ ጠዋት መላ መጣልኝ። ኮሶ።

ኮሶ የጠጣ ሰው ለሽምግልና ቀርቶ ለምንም አይጠራም። አባቶቻችን ሎሌ እንኳን ኮሶ በጠጣበት ቀን ሥራ አይታዘዝም ነበር ይላሉ። «መድኃኒት ወስዷል» ከተባለ የሚጠይቅም፣ የሚቀየምም የለም። ኢስትሊ ውስጥም ደንቡ እንደተከበረ ነው፤ ምክንያቱም ጥሬ ሥጋው እንደተከበረ ነው። የኬንያ ሰው ሥጋውን ሁሉ ከሰል ላይ ጠብሶ ነው የሚበላው፤ የሰፈራችን ሥጋ ሻጭ መጀመሪያ ጊዜ እዚያው ቆመን በቢላ እየቆረጥን ስንጎርስ ሲያየን ማገዶ ያጣን መስሎት ከሰል ሊሰጠን ሮጦ ነበር። ጥሬ ባለበት ኮሶ አለና ሐጂ ከሞያሌ ያስመጡታል። እኔ ግን ጥሬ ሥጋ አልበላም። ኮሶም ቀምሼ አላውቅም።

ጠጣሁ ብዬ ብዋሽስ? አስቤበታለሁ። ግን ሻምበል የታመመ ወታደርና ታመምኩ ያለ ወታደር ሲለይ የኖረ ሰው ነው። ፊቴን አይቶ ያውቃል። ስለዚህ እውነተኛ ኮሶ በእውነት መጠጣት ነበረብኝ።

«ኮሶ ነበርዎት ሐጂ?» አልኳቸው ሱቅ ስንዘጋ።

«ለማን ነው?»

«ለጎረቤቶች» አልኩ።

«ስንት ናቸው?»

አንድ ብል እኔ መሆኔን ይጠረጥራሉ ብዬ «ሦስት» አልኩ። ሐጂም የሦስት ሰው ኮሶ በወረቀት ጠቅልለው ሰጡኝ፤ «ለየብቻ፣ በባዶ ሆድ» ብለው አስጠነቀቁኝ። እኔ ደግሞ እቤት ገብቼ አሰብኩ። አንዱን ብቻ ብጠጣ እስከ ቀትር ሊሻለኝ ነው፤ ሽምግልናው ከሰዓት ነው። ግማሽ ሰበብ ደግሞ ሰበብ አይደለም። እሑድ ገና ማለዳ ሦስቱንም በአንድ ጎድጓዳ ሳህን በጥብጬ፣ ዓይኔን ጨፍኜ ጨለጥኩት።

ምሬቱን መግለጽ አልችልም። ያስተማርኩት ትምህርት ሁሉ ከራሴ ላይ ተጠርጎ የወጣ መሰለኝ። ከዚያ በኋላ የሆነውን አንባቢ ምግብ ላይ ሊሆን ስለሚችል አሳጥረዋለሁ። በግቢው ያለው መጸዳጃ አንድ ነው፤ ተከራዩ ብዙ ነው። ረፋዱ ላይ እግሬ አልሸከም ብሎኝ ደጃፌ ላይ ተዘረርኩ። ላብ አጠመቀኝ፤ ግቢው ይዞር ጀመር። ማማ ንጄሪ ልብስ ልታሰጣ ስትወጣ አየችኝና ባልዲዋን ጥላ «ሙዋሊሙ አናኩፋ!» እያለች መንገድ ላይ ወጣች። ሙዋሊሙ እየሞተ ነው ማለቷ ነው። ኢስትሊ ውስጥ ለዚያ አስተርጓሚ አያስፈልግም።

ሻምበልና ሐጂ ለሽምግልናው ለብሰው ሊወስዱኝ በግርማ ፒካፕ ሲመጡ ጩኸቱ ላይ ደረሱ። ወይዘሮ ስንዱና ትርሲትም ከቸርች ሲመለሱ ሰምተው ሮጠው መጡ። እኔ ላመልጥ የፈለግሁት ጉባኤ እንዳለ ደጃፌ ላይ ተሰበሰበ። የቀረ ቢኖር ድግሱ ነው።

ግርማ አንድ ቃል ሳይናገር አንሥቶ ተሸከመኝና ፒካፑ ኋላ ፍራሽ ላይ አስተኛኝ። ትርሲት ራሴን ጭኗ ላይ አደረገች። አክስቷ ቁልቁል እያዩኝ መጸለይ ጀመሩ፤ ጸሎቱ ወደ መዝሙር ሲዞር ዜማው የቀብር ዜማ መሆኑ ገባኝ። ሐጂ ሳህኑን ከክፍሌ ይዘው መጡ፤ አሸተቱት፤ ታች ያለውን አተላ አዩት።

«ሦስቱንም?» አሉ። «የሦስት ሰው እኮ ነው! ኢና ሊላሂ...»

ኢና ሊላሂ የሚባለው ሰው ሲሞት እንደሆነ አውቃለሁ። ቢሆንም ገና ተስፋ አልቆረጥኩም ነበር። ፒካፑ ተነሥቶ ትንሽ እንደሄደ ግን እግሬ ላይ የሆነ ነገር ተሰማኝ። ቀና ስል ሻምበል ተክሌ ጎንበስ ብሎ የጫማዬን ማሰሪያ እየፈታ ነው።

በቃ። አበቃ አልኩ። ሻምበል የሚሞት ሰው ያውቃል።

ያን ጊዜ ምን እንደተሰማኝ ለማወቅ የሚጓጓ ይኖራል፤ እኔም ራሴን በጉጉት ነበር የምጠብቀው። አሁን ውሃ ልል ነው? ስለ ቁልፍ ላስብ ነው? ጫማዬን ለማን ልል ነው? ጥያቄዬን የጠየቅሁት እኔ፣ መልሱ የሚመጣውም በእኔው ላይ። አየሁት እንግዲህ። ወደ ላይ ስመለከት የትርሲት አገጭ ነው የሚታየኝ፤ ከአገጯ በላይ ሰማይ አለ፤ አፌም ተከፈተ።

«ትርሲት» አልኩ። «ዛሬ ቤታችሁ የምመጣው አንቺን ለግርማ ልጠይቅ ነበር። ኮሶውን የጠጣሁት ላለመምጣት ነው። እኔ ነኝ የምወድሽ። አዝራሮቹን በሙሉ ራሴ ነኝ የምበጥሳቸው።»

ሦስት ገጽ አልሆነም። ከዚያ በላይ ሆዴ አላስቻለኝም።

ወይዘሮ ስንዱ መዝሙሩን አቋረጡ። ሐጂ ሳህኑን ከኋላቸው ደበቁ፤ ለምን እንደሆነ እንጃ። የፒካፑ የኋላ መስኮት ክፍት ነበርና የሚነዳው ግርማም ሰማ፤ መኪናው ቀጥ ብሎ ቆመ። ከኋላችን ያለ ማታቱ የሚሉት ሚኒባስ ጥሩምባውን ለቀቀው። ትርሲት ግንባሬ ላይ የነበረውን እጇን አላነሳችም፤ ግን አላንቀሳቀሰችውም። ከዚያ ግርማ ማርሹን አስገባና ወደ ክሊኒኩ ነዳው። ለዚያች ማርሽ እስከ ዛሬ አመሰግነዋለሁ።

ሐኪሙ ወጣት ኬንያዊ ነው። ምን እንደጠጣሁ ጠየቀ። ሻምበል በእንግሊዝኛ «የዛፍ አበባ» አለው።

«ለምን?»

«ለትል።»

«ትል አለበት?»

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። «የለብኝም» አልኩ። የምሞት ስለመሰለኝ ከእውነት በቀር አልናገርም ነበር።

«ታዲያ ለምን ጠጣህ?»

ሐኪሙ ከአንዱ ፊት ወደ ሌላው ሲመለከት ቆየና ሰበበኞች መሆናችን ሳይገባው አልቀረም። ግሉኮስ ሰቀለልኝ፤ ልቤን አዳመጠ፤ ሆዴን ተጫነ። ከዚያ ፈገግ ብሎ «አይሞትም። ዛሬውኑ ቤቱ ይገባል» አለ።

ከአዳም ጀምሮ ይህን የምሥራች እንደ እኔ በሐዘን የተቀበለ ሰው ያለ አይመስለኝም። ከመጽሐፎቻችን የተገነጠለውን ገጽ ለካ እኔ ልኖረው ኖሯል። ጀግናው ይድናል፤ ድኖም በተቀናቃኙ መኪና ወደ ቤቱ ይመለሳል። ትርሲትና አክስቷ በማታቱ ሄደዋል። እኛ አራታችን በፒካፑ ተጓዝን። መንገዱን ሙሉ የተነገረው ሐጂ «ዘንድሮ ዝናቡ ዘገየ» ያሉት ብቻ ነው። ሻምበል ጫማዬን በእጁ ይዞ ነበር፤ ስወርድ ሰጠኝ። «ለምን ፈታኸው?» አልኩት።

«እግርህ አብጦ ነበራ» አለ።

ቀጣዮቹን ቀናት ክፍሌ ውስጥ ተሸሽጌ አሳለፍኩ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ እንዲሉ፣ ነገሩ ከኢስትሊ አልፎ ሁርሊንግሃም ያሉ ምግብ ቤቶች ድረስ ደርሷል። ማማ ንጄሪ ገንፎ ይዛ ስትገባ «ፖሌ ሳና» ትለኛለች፤ አይዞህ እንደማለት ነው፤ ግን አዝራሮቼን እያየች ትስቃለች። ሻምበልና ሐጂ ሊጠይቁኝ መጥተው አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጠው ስለኔ ሲከራከሩ ዋሉ። የክርክሩ ጭብጥ፣ በሞት አፋፍ የተነገረ ቃል ይጸናል ወይስ አይጸናም የሚል ነው።

«ኑዛዜ ነው» አሉ ሐጂ። «ኑዛዜ የሚጸናው ተናዛዡ ሲሞት ነው። እሱ አልሞተም። ስለዚህ ፈርሷል።»

«ምስክር ነበረ እኮ» አለ ሻምበል።

«ምስክር ቢኖርስ? ከብቶቼን ለእገሌ ያለ ሰው ድኖ ሲነሳ ከብቶቹን አይነዳም? የራሱ ናቸዋ። ቃሉም እንደዚያው ነው። ከፈለገ በቁሙ ይድገመው።»

እኔ ብርድ ልብስ ውስጥ ሆኜ ፍርዱን ሰማሁ። ሐጂ እንዳሉት ቢሆን ነጻ ነኝ። ምንም እንዳልተባለ ሆኖ ነገ ወደ ሱቄ፣ ከነገ ወዲያ ወደ አዝራሬ መመለስ እችላለሁ። ይህን ሳስብ ግን ከኮሶው የባሰ መረረኝ።

በማግስቱ የመጣው ግርማ ነው። በሩ ጠቦት ጎንበስ ብሎ ገባ፤ ብርቱካን ይዞልኛል። ተቀመጠና እጆቹን ሲያሻሽ ቆየ።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ» አለ። «ያን ቀን የተናገርከው አንተ ነህ ወይስ ኮሶው?»

ከብርቱካኑ አንዱን አንሥቼ መላጥ ጀመርኩ። እንዲህ ያለ ቀላል ጥያቄ ፈተና ላይ ባወጣ ኖሮ ተማሪዎቼ ሁሉ ያልፉት ነበር።

«እሷን ጠየቅኳት» አለ ግርማ። «ከታመመ ሰው የሰማሁትን አልቆጥረውም አለችኝ። እኔ ደግሞ የሰው ልብ ያለበት ቦታ ሽማግሌ አልክም። እስከ እሑድ እጠብቅሃለሁ። ካልተናገርክ ግን ኮሶው ነው ብዬ ሽማግሌዎቼን እልካለሁ።» ተነሣና በሩ ላይ ቆመ። «አንተን አልጠራህም» ሲል ፈገግ አለ።

ቅዳሜ ደረሰ። ከሰዓት ሆነ። እኔ ግን ገና ክፍሌ ውስጥ ነኝ። እውነቱን ለመናገር ሞት ናፈቀኝ። ማለቴ፣ ለመሞት ሳይሆን ትንሽ ቀረብ እንዲለኝ። ያን ቀን አፌን የከፈተው ፍርሃት ከሆነ፣ ፍርሃት ደግሞ ናይሮቢ ውስጥ በማታቱ ይገኛል። አንዱን ተሳፍሬ እስከ ከተማ ሄጄ ልመለስና፣ እየተንቀጠቀጥኩ ወርጄ በዚያው ግለት ልናገር ብዬ ወሰንኩ። በር ላይ ተንጠልጥዬ ሳይቀር ተሳፈርኩ። ሾፌሮቹ ዓመቱን ሙሉ እንደ ወንዝ ሙላት ሲነዱ የኖሩ ሰዎች ናቸው። የዚያን ቀኑ ግን እናቱን ጋቢና አስቀምጦ ነበርና እንቁላል እንደጫነ ሰው እያባበለ ወስዶ፣ እያባበለ መለሰኝ። ስወርድ ልቤ ከወትሮው የበለጠ ረግቷል።

እንግዲህ ያለኝ ጤናዬ ብቻ ነው። እሱን ይዤ ወደ ልብስ ሰፊዎቹ መደዳ ገባሁ።

ቦታው ጠባብ ኮሪደር ነው፤ በግራና ቀኝ ሲንጀሮች ይንጫጫሉ፣ ደንበኛ ይጋፋል፣ ራዲዮ ይዘፍናል። ትርሲት ጥግ ላይ የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ትሰፋለች። አየችኝ። እግሯ ፔዳሉን ከመምታት አላቆመም።

«ተሻለህ?» አለች።

«ተሻለኝ።»

ዓይኗ ሸሚዜ ላይ ከላይ እስከ ታች ወረደ። «ዛሬስ የቱ ነው የተበጠሰው?»

«አልተበጠሰም። ሁሉም አለ።»

«ታዲያ ምን ልታሠራ መጣህ?»

እዚህ ላይ ነው እንግዲህ። ጥይት የለ፣ ገደል የለ፣ ማዶ ካለው ምግብ ቤት የሽንኩርት ሽታ ይመጣል፤ አጠገቤ አንዲት ሴትዮ ስለ ቀሚሷ ወርድ ትጨቃጨቃለች። ልብ ወለድ ጸሐፊዎችን ያን ጊዜ ነው የተረዳኋቸው፤ ይህን ቦታ ፈርተው ነው ሰውየውን በጥይት የሚመቱት። የሚሞት ሰው ተናግሮ ይገላገላል። እኔ ተናግሬ፣ እምቢ ብትለኝ እንኳን ነገ ምሳ እዚያው ምግብ ቤት ነው የምበላው።

«ያን ቀን መኪና ላይ ያልኩት...» ብዬ ጀመርኩ።

«አይሰማም» አለች፤ «የስፌት መኪናው ይጮሃል። ጮክ በል።»

«ያን ቀን ያልኩት እኔ ነኝ፣ ኮሶው አይደለም!» አልኩ ጮክ ብዬ። አሁንም አንገቷን ነቀነቀች፤ አልተሰማትም። ትንፋሼን ሰበሰብኩ፤ በደህናው ጊዜ አርባ ተማሪ ጸጥ የማሰኝበት ድምፅ ነበረኝ፤ እሱን አወጣሁት።

«እወድሻለሁ!»

ልክ ያን ጊዜ እግሯን ከፔዳሉ አነሣች። ሌሎቹ ሲንጀሮችም ቆመው ኖሯል። ራዲዮው እንኳን በሁለት ዘፈን መካከል ነበር። ድምፄ ኮሪደሩን ዳር እስከ ዳር ሄዶ ተመለሰ። ስለ ቀሚሷ የምትጨቃጨቀው ሴትዮ ሜትሩን አንገቷ ላይ አድርጋ አፏን ከፍታ ቀረች።

ትርሲት ከመርፌው ሥር ያለውን ክር በጥርሷ በጠሰችው። ጆሮዋ ቀልቷል።

«ሰምቻለሁ» አለች ቀስ ብላ። «ያን ቀንም ሰምቼ ነበር። ደህና ሆነህ እስክትነግረኝ ነው የጠበቅሁት።» ጋሼ አላለችኝም። ጨርቁን አጠፈች፤ ዘረጋችው፤ መልሳ አጠፈችው። ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ።

«ሽማግሌ ላክ» አለች፤ «ኮሶ የማይጠጡትን መርጠህ።»